የዓባይ ምንጭና የጽሑፍ ምንጭ

አበው «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ብለው የተናገሩት ቃል ለዳኝነት ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም የዕውቀት ሥራ የሚያገለግል ነው። የተጠማ መንገደኛ የደፈረሰውን ወራጅ ትቶ ሽቅብ ወደ ምንጩ እንደሚወጣ ሁሉ፥ እውነትን የሚሻ አንባቢም የሚያነበው ቃል ከየት እንደ ተቀዳ ለማወቅ ይፈልጋል። በቋንቋችን ውሃ የሚፈልቅበት ስፍራና አንድ ጽሑፍ የተገኘበት መነሻ ሁለቱም «ምንጭ» ይባላሉ። ስያሜው ተስማሚ ነው፤ ከሁለቱም በራቁ ቍጥር የሚገኘው ድፍርስ ነውና።

ዛሬ በአገራችን በየዓመቱ ብዙ የጥናት ጽሑፍ ይጻፋል። ተማሪው ለመመረቂያው፥ መምህሩ ለጉባኤ፥ የመንግሥት ሠራተኛውም ለመሥሪያ ቤቱ ይጽፋል። ከነዚህ ጽሑፎች ጥቂት የማይባሉት የሚነግሩንን ነገር ከማን እንዳገኙት ሳይገልጹ ያልፋሉ፤ ሌሎቹ ዋቢ ይጠቅሳሉ፥ የጠቀሱትን መጽሐፍ ግን ራሳቸው አላነበቡትም። ይህ ጕዳይ ለብዙ ሰው ማርክ የሚያስቀንስ ጥቃቅን ሥርዓት ብቻ መስሎ ይታያል። እኛ ግን ከዚህ የከበደ ነገር እንደ ሆነ ለማሳየት፥ ስለ አገራችንና ስለ ዓባይ ምንጭ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በኤውሮፓ የታተሙት መጻሕፍት እርስ በርሳቸው እንዴት እንደ ተማመኑና እንደ ተካካዱ በአጭሩ እንተርካለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» የሚል ምልክት ያለባቸው ዓመታት በአገራችን፥ የሌለባቸው ግን በኤውሮፓ አቆጣጠር የተነገሩ መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያውቁልን እንለምናለን።

የአባቶቻችን ልማድ

ምንጭ መጥቀስ ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የመጣ እንግዳ ሥርዓት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እርግጥ ነው፤ የግርጌ ማስታወሻው መልክ ከውጭ የመጣ ነው። ልማዱ ግን የራሳችን ነው። ቅኔ የተማረ ሰው የዋድላ ወይም የጎንጅ ወይም የዋሸራ መሆኑን ይናገራል፤ ዜማም የተማረ እንደ ሆነ የቤተ ልሔም፣ የቆማ ወይም የአጫብር መሆኑ ይጠየቃል። የመጻሕፍት ትርጓሜ ተማሪም የላይ ቤትና የታች ቤት በሚለያዩበት ስፍራ ልዩነቱን ጠብቆ ያስኬዳል እንጂ፥ የአንዱን ቃል ለሌላው አይሰጥም። «መምህርህ ማን ነው?» ተብሎ የሚቀርበው ጥያቄ ለወግ ያህል የሚጠየቅ አይደለም፤ ለምትናገረው ቃል የሚቆምልህ ምስክር ማን ነው ማለት ነው።

የብራና መጻሕፍታችንም ብዙ ጊዜ በመጨረሻ ቅጠላቸው ላይ አስጻፊያቸውንና ጸሐፊያቸውን፥ አንዳንድ ጊዜም የተጻፉበትን ዘመንና የነገሠውን ንጉሥ ያስታውቃሉ። ለዚህ የታወቀው ምሳሌ ክብረ ነገሥት ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ ይስሐቅ የተባለው ሊቅ ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ መጽሐፉን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ እንደ መለሰው፥ ዐረብኛውም ቀደም ብሎ ከቅብጥ ቋንቋ የተመለሰ እንደ ሆነ ይናገራል። ሊቃውንት ይህን ቃል፥ ይልቁንም የቅብጡን ነገር፥ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ሆኖም ሊከራከሩበት የቻሉት ይስሐቅ የመጽሐፉን መንገድ ስለ ነገራቸው ነው። ምንጩን የሸሸገ ጸሐፊ ከክርክር ያመለጠ ይመስለዋል፤ ያመለጠው ግን ከመታመን ነው።

ኡሬታና ፓኤዝ

በ1610 ሉዊስ ደ ኡሬታ የሚባል የዶሚኒካን ማኅበር መነኵሴ በእስጳንያ አገር በቫሌንሲያ ከተማ ስለ ኢትዮጵያ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ኡሬታ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። ነገር ግን ያለ ምስክር ጻፈ ተብሎ አይወቀስም፤ ኹዋን ደ ባልታሳር የተባለ፥ ራሱን ኢትዮጵያዊ ነኝ የሚል ሰው እንደ ነገረው በግልጽ አስታውቋል። በዚህ ሰው ቃል ተመርቶ፥ ነገሥታቱ ልጆቻቸውን በሚያኖሩበት አምባ ላይ በዓለም ተወዳዳሪ የሌለው ቤተ መጻሕፍት እንዳለ፥ በውስጡም የጥንት አባቶች የጻፏቸው እጅግ ብዙ መጻሕፍት ተከማችተው እንደሚገኙ ተረከ። ትረካው ያማረ ነበር፤ በኤውሮፓም ያመነው አልጠፋም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር ማስተዋል ይገባናል። ኡሬታ ምንጩን ጠቅሷል። የጎደለው ምንጩን መመርመር ነው። ባልታሳር የተናገረውን ከሌላ ምስክር ጋር አላስተያየም፤ ይህ ሰው ያለው ነገር ሊሆን ይችላልን ብሎም አልጠየቀም። ስለዚህ ስም መጥራት ብቻውን ሐሰትን እውነት አያደርግም። በዳኛ ፊት የቆመ እማኝ ሁሉ እውነተኛ እንዳይደለ፥ በግርጌ ማስታወሻ የቆመ ስም ሁሉ የታመነ አይደለም። ይሁን እንጂ ኡሬታ የምስክሩን ስም መናገሩ አንድ ጥቅም ሰጥቷል፤ በኋላ የመጡ ሰዎች ስሕተቱ የገባው በየትኛው በር እንደ ሆነ ለይተው እንዲያውቁ አስችሏቸዋል።

ለኡሬታ መልስ እንዲጽፍ የታዘዘው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን የነበረው ፔድሮ ፓኤዝ ነው። ፓኤዝ በ1564 በእስጳንያ ተወለደ፤ ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት በመጀመሪያ በሞከረ ጊዜ ተማርኮ በየመን ሰባት ዓመት ያህል በእስራት ቈየ፤ በመጨረሻም በ1603 ገባ። የካቶሊክን ሃይማኖት በመንግሥት ኀይል ለማጽናት በተደረገው ጥረት ምክንያት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የፈሰሰው ደም የታወቀ ስለ ሆነ፥ የነዚህ ካህናት ስም በአገራችን በበጎ ብቻ አይነሣም። እኛ በዚህ ስፍራ የምንመለከተው ግን የፓኤዝን የታሪክ አጻጻፍ ነው።

ፓኤዝ ኡሬታ ያለውን እያነሣ፥ ስለዚያ ነገር ራሱ ያየውን፥ ያነበበውን ወይም ከአገሩ ሰዎች ጠይቆ የተረዳውን በአንጻሩ ያቀርባል። የነገሥታቱን ስም ዝርዝር ሲጽፍ በአክሱም ቤተ ክርስቲያን ከሚጠበቅ መጽሐፍ መገኘቱን ይናገራል። የንግሥተ ሳባን ታሪክና የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ገድል ከግዕዝ እየተረጐመ በመጽሐፉ አስገብቷል። የዓባይን ምንጭ በሚመለከት ደግሞ ኤፕሪል 21 ቀን 1618 ከንጉሠ ነገሥቱና ከሠራዊቱ ጋር ሳለ በሰከላ፥ በግሽ ተገኝቶ ሁለቱን የውሃ ዓይኖች እንዳየ፥ ጥልቀታቸውንም በጦር ዘንግ እንደ ሞከረ ጽፏል። ያየውን አየሁ፥ የሰማውን ሰማሁ ብሎ መለየቱ ለመጽሐፉ ትልቅ ዋጋ ሰጥቶታል።

ፓኤዝ በ1622 በጎርጎራ ሞተ። መጽሐፉ ግን ከ280 ዓመት በላይ ሳይታተም ቀረ። ከርሱ በኋላ በ1624 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ማኑኤል ደ አልሜይዳ የፓኤዝን ሥራ መሠረት አድርጎ ሌላ ታሪክ ጻፈ። የአልሜይዳንም መጽሐፍ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የማያውቅ ባልታሳር ቴልስ የሚባል ፖርቱጋላዊ አሳጥሮ በ1660 በኮይምብራ አሳተመው። ቴልስ ከአልሜይዳ መውሰዱን በመጽሐፉ ርእስ ላይ ስላስታወቀ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን የኤውሮፓ አንባቢ በእጁ የሚያገኘው ሦስተኛውን ቅጂ እንጂ የመጀመሪያውን ቃል አልነበረም። ፓኤዝ ስለ ዓባይ ምንጭ የጻፈው ገጽ ብቻ፥ አታናሲየስ ኪርከር የተባለ በሮማ የሚኖር ኢየሱሳዊ ሊቅ የፓኤዝን ስም ጠርቶ በላቲን ስላሳተመው፥ በዚያ መንገድ ታወቀ። ከዚህ ነገር በኋላ የተነሣውን ክርክር ከመናገራችን በፊት ግን፥ በዚያው መቶ ዓመት የተደረገ አንድ የሚያስደስት ሥራ አለና እርሱን እናስቀድማለን።

አባ ጎርጎርዮስና ሉዶልፍ

ኢዮብ ሉዶልፍ በ1624 በጀርመን አገር በኤርፉርት ከተማ የተወለደ የብዙ ቋንቋ ሊቅ ነው። እርሱም እንደ ኡሬታ ኢትዮጵያን አላያትም፤ እርሱም እንደ ኡሬታ በአንድ ሰው ቃል ተመርቷል። የሁለቱ ሥራ ግን እንደ ሰማይና እንደ ምድር የተራራቀ ነው።

ሉዶልፍ በ1649 ወደ ሮማ በሄደ ጊዜ፥ በዚያ በኢትዮጵያውያን ገዳም በቅዱስ እስጢፋኖስ የሚኖሩ አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ መነኵሴ አገኘ። አባ ጎርጎርዮስ የአምሐራ አገር የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጽሐፍ ብቻ ተምሮ ስለ ነበር በቃል ለመነጋገር ተቸግሮ ነበር፤ ሆኖም ሁለቱ ቀስ በቀስ ተግባቡ። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ በመስፍኑ በኤርንስት ተጋብዘው ወደ ጎታ ከተማ መጡ፤ በፍሪደንሽታይን ግንብም ተቀምጠው ስለ አገራቸው መንግሥት፣ ሃይማኖት፣ ቋንቋና ልማድ ለቀረበላቸው ጥያቄ ሁሉ መልስ ሰጡ። ከተለያዩም በኋላ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ለመመለስ በመርከብ ሲጓዙ በ1658 በሶርያ ባሕር ዳርቻ በእስክንድሮን አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ።

የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ በላቲን ቋንቋ በፍራንክፉርት የታተመው በ1681 ነው፤ ይኸውም አባ ጎርጎርዮስ ከሞቱ ከ23 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። መነኵሴው ሞተዋል፤ ዘመድ ወገናቸውም በሩቅ አገር ነው፤ መጽሐፉንም አያነቡትም። ሉዶልፍ የተነገረውን ሁሉ የራሱ ዕውቀት አስመስሎ ቢያቀርበው ኖሮ የሚጠይቀው ሰው አልነበረም። እርሱ ግን ይህን አላደረገም። ከአባ ጎርጎርዮስ ያገኘውን ከአባ ጎርጎርዮስ፥ ከቴልስ ያገኘውን ከቴልስ ነው አለ፤ የሁለቱ ቃል ሲለያይም አስተያየ፤ ኡሬታንም በስሙ ጠርቶ ተቸው። በ1691 ባሳተመው የሐተታ መጽሐፍ ደግሞ የአባ ጎርጎርዮስን ምስል አስቀርጾ አወጣላቸው። በ1698 የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ባሳተመ ጊዜም ትምህርቱ በብዛት የተገኘው ከኚሁ መነኵሴ ነበር።

ስለ አገራችን የጻፉ ስንት መንገደኞች «አንድ የአገሩ ሰው እንደ ነገረኝ» ብለው እንዳለፉ ለሚያስታውስ ሰው የሉዶልፍ ሥራ ታላቅነቱ ይገለጥለታል። ስማቸው ያልተጠራው መሪዎች፣ አስተርጓሚዎችና መምህራን ዕውቀታቸው በሰው መጽሐፍ ውስጥ ይኖራል፤ እነርሱ ግን የሉም። አባ ጎርጎርዮስ ግን በኤውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት ሲነሣ ከሉዶልፍ ጋር አብረው ይነሣሉ። ይህ የሆነው አንድ ጸሐፊ ዕዳውን ስላላስቀረ ነው። ለመጽሐፉም የጠቀመው ይኸው ነው፤ አንባቢው የእያንዳንዱን ቃል ባለቤት ስላወቀ የቱን ያህል ሊያምነው እንደሚገባ ራሱ ሊመዝን ይችላልና።

የብሩስ ክርክር

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ደርሶ በሚቀጥለው ዓመት ጎንደር ገባ። ጊዜው ራስ ሚካኤል ስሑል የበረቱበት፥ መንግሥቱም የታወከበት ዘመን ነበር። ብሩስ ብዙ ድካም ካሳለፈ በኋላ ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ግሽ ደረሰ። ከ20 ዓመት በኋላ፥ በ1790፥ የጕዞውን ታሪክ በአምስት ቅጽ ሲያሳትም ከኤውሮፓ ሰዎች የዓባይን ምንጭ በመጀመሪያ ያየ እርሱ እንደ ሆነ አስታወቀ።

ይሁን እንጂ ከርሱ በፊት የፓኤዝ ቃል ነበረ፤ ሌላው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦም ስለ ምንጩ ጽፎ ነበር። ብሩስ ሁለቱም አልደረሱም ብሎ ተከራከረ፤ ኪርከር በፓኤዝ ስም ያሳተመውም ገጽ የፓኤዝ አይደለም አለ። በዚያን ጊዜ ይህን ክርክር መቍረጥ ቀላል አልነበረም። የፓኤዝ መጽሐፍ አልታተመም፤ አንባቢው በአንድ በኩል የኪርከርን፥ በሌላ በኩል የብሩስን ቃል ከማመን ሌላ መንገድ አልነበረውም። ነገሩ የተለየው ካሚሎ ቤካሪ የፓኤዝን ሙሉ መጽሐፍ በ1905ና በ1906 በሮማ ባሳተመ ጊዜ ነው፤ ገጹም በቦታው ተገኘ። በ2011 ደግሞ የመጽሐፉ የእንግሊዝኛ ትርጕም ስለ ታተመ ዛሬ ማንኛውም ተማሪ ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። ከመቶ ዓመት በላይ የቈየውን ጥርጣሬ ያስወገደው የተከራካሪዎች አንደበት ሳይሆን የምንጩ መከፈት ነው።

ብሩስ በሌላም በኩል ይተቻል። በጕዞው ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ተወላጅ የሆነ ሠዓሊ አብሮት ነበር። ባሉጋኒ በ1771 በጎንደር ሞተ። በኢትዮጵያ ሳሉ የተሳሉት የዕፀዋትና የአዕዋፍ ሥዕሎች አብዛኞቹ የባሉጋኒ እጅ ሥራዎች መሆናቸውን የኋላ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል፤ ብዙዎቹም ዛሬ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝ ጥበብ ማእከል ይገኛሉ። በብሩስ መጽሐፍ ውስጥ ግን የዚህ ወጣት ድርሻ እጅግ አንሶ ይታያል። አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ቢያደምቅም ባለቤቱ የታወቀ ዕለት የተዋሰውን ሰው ያሳፍራልና።

ሆኖም ለብሩስ የሚገባውን ዋጋ መንሣት ከእውነት መራቅ ይሆናል። በመጽሐፉ የግሽን ሹም ክፍለ ዓባይን በስማቸው ጠርቷቸዋል። ይህም ያስመሰግነዋል፤ ምንጩን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁትና የሚያከብሩት የአገሩ ሰዎች ናቸውና፥ ከፓኤዝም ከብሩስም በፊት «አገኘ» የሚለው ቃል የሚገባው ለነርሱ ነው። ስለ ኢትዮጵያ የተናገረውንም ብዙ ነገር አገሩ ሲገባ ሰዎች አላመኑትም ነበር፤ የሌሎችን ምስክርነት የካደ ሰው የራሱም ምስክርነት ተካደበት። ከጊዜ በኋላ ግን የተጠረጠረበት ብዙ ነገር እውነት ሆኖ ተገኘ።

ከሁሉ በላይ ብሩስ ያመጣቸው የብራና መጻሕፍት ታላቅ ጥቅም ሰጥተዋል። ከነዚህ ውስጥ መጽሐፈ ሄኖክ ይገኝበታል። ከአዲስ ኪዳን መልእክቶች አንዱ የሆነው የይሁዳ መልእክት የሄኖክን ትንቢት ሲያነሣ የነቢዩን ስም ይጠራል። በኤውሮፓ መጽሐፉ በሙሉ ጠፍቶ ሳለ፥ እንዲህ ያለ ጽሑፍ እንደ ነበረ ሊቃውንቱ እንዳይዘነጉ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ ይህ ጥቅስ ነበር። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የተጠበቀው በግዕዝ፥ በኢትዮጵያ ነው። ብሩስ ወደ ኤውሮፓ ከወሰዳቸው ቅጂዎች አንዱ በኦክስፎርድ ስለ ተቀመጠ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተርጕሞ አሳተመው። ከ1952 ጀምሮ ደግሞ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ የዚሁ መጽሐፍ ቍርጥራጮች በአራማይክ ቋንቋ ተጽፈው ተገኙ፤ የመጽሐፉም ጥንታዊነት ተረጋገጠ። እንግዲህ በአንድ አጭር መልእክት ውስጥ የተጠራ ስም ለብዙ መቶ ዓመታት ፈላጊዎችን ወደ ጠፋው መጽሐፍ ያመለክት እንደ ነበረ እናያለን።

ለጥናት ጽሑፍ የሚተርፈው ትምህርት

ከዚህ ሁሉ ታሪክ በኋላ የዋቢ አጠቃቀስ ሥርዓት ለምን እንደ ተሠራ ለመረዳት አያስቸግርም። ሥርዓቱ ሁለት ነገር ይጠብቃል፤ አንደኛው የዕውቀት ባለቤት ዋጋውን እንዲያገኝ፥ ሁለተኛው አንባቢ ወደ ምንጩ ሄዶ እንዲያይ ነው። ዝርዝሩ ከነዚህ ከሁለቱ ይወጣል።

በመጀመሪያ፥ ምን ይጠቀሳል? ቃል በቃል የተወሰደ ነገር በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ገብቶ ምንጩ ይነገራል። ቃሉን ለውጠን ሐሳቡን ብቻ ብንወስድም ዕዳው አይቀርም፤ ልብሱ ቢለወጥ ሰውየው ያው ነውና። ቍጥር፣ ሥዕልና ካርታም እንዲሁ ናቸው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ግን ምስክር አያሻውም። የዐድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መደረጉን ለመናገር መጽሐፍ መጥቀስ አያስፈልግም፤ በዚያ ቀን የተሰለፈው ሠራዊት ስንት እንደ ነበረ ለመናገር ግን ያስፈልጋል፤ ጸሐፊዎች በቍጥሩ ይለያያሉና።

ሁለተኛ፥ አድራሻው ሙሉ ይሁን። የደራሲው ስም፣ የመጽሐፉ ርእስ፣ ስንተኛ እትም እንደ ሆነ፣ የታተመበት ከተማ፣ አሳታሚው፣ ዓመቱና ገጹ ይጻፍ። ገጽ ሳይጠቅሱ አንድን ትልቅ መጽሐፍ ዋቢ ማድረግ «ቤቴ አዲስ አበባ ነው፥ ናና ጠይቀኝ» እንደ ማለት ነው። በዚህ በኩል በአገራችን ሁለት ነገሮች ልዩ ጥንቃቄ ያሻቸዋል። አንዱ ስም ነው። የኛ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ ሁለተኛው ስም የአባቱ ነው። በውጭ አገር ዝርዝር ግን ብዙ ጊዜ የአባት ስም ይቀድማል፤ እንዲህም ሲሆን ተክለ ጻድቅ መኩሪያ «መኩሪያ» ይባላሉ፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ስማቸው ተከፍሎ «ሥላሴ» በሚል ቃል ሥር ሊገኙ ይችላሉ። ተማሪው በአማርኛ ሲጽፍ ሙሉውን ስም ሳይገለብጥ ቢያኖር ትክክል ነው። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በእኛና በኤውሮፓ አቆጣጠር መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። መጽሐፉ ላይ 1953 ዓ.ም. ተብሎ የታተመ እንደ ሆነ በኤውሮፓ አቆጣጠር 1960 ወይም 1961 ነው። ስለዚህ የትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ ምልክት ሳያደርጉ ዓመት መጻፍ አንባቢን ማሳሳት ነው።

ሦስተኛ፥ ያላየነውን አየን አንበል። ቴልስን ያነበበ ሰው ፓኤዝን አነበብሁ ሊል አይገባውም፤ «ቴልስ እንደ ጠቀሰው» ብሎ መናገር ይበቃዋል። ይህ የሚያሳፍር አይደለም። ከሌላ ሰው የግርጌ ማስታወሻ ላይ የመጽሐፍ ስም እየለቀሙ የራስ ማድረግ ግን ስሕተትን ከእጅ ወደ እጅ ማሸጋገር ነው። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» የተባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። ዛሬ ደግሞ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ተነሥተዋል፤ እነዚህም ከነደራሲው፥ ከነዓመቱና ከነገጹ የሚጠቅሱት መጽሐፍ ጨርሶ ያልነበረ ሆኖ ሲገኝ ታይቷል። ኡሬታ በባልታሳር ላይ የደረሰበት ነገር በአዲስ መልክ ተመልሷል ማለት ነው። መድኃኒቱም ያው የጥንቱ ነው፤ የተጠቀሰውን መጽሐፍ በእጅ ይዞ ገጹን ገልጦ ማየት።

አራተኛ፥ የብራና መጽሐፍና የቃል ምስክር የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ብራና ሲጠቀስ የሚገኝበት ገዳም ወይም ቤተ መጻሕፍት፣ የመዝገብ ቍጥሩና ቅጠሉ ከፊትና ከኋላው ተለይቶ ይነገራል። ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት የብራና መጻሕፍት እያንዳንዳቸው ቍጥር ስላላቸው፥ እንዲሁም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚገኙት በቍጥር ስለ ተመዘገቡ፥ ይህን መፈጸም ከቀድሞው ይልቅ ቀሏል። ከሽማግሌ የተሰማ ታሪክ እንደ ሆነ ደግሞ የተናጋሪው ስም በፈቃዱ፣ ዕድሜው፣ የተነገረበት ስፍራና ቀን ይጻፍ። «ከአገር ሽማግሌዎች እንደ ተረዳነው» የሚለው ቃል ለጆሮ የሚጥም ቢሆንም ሽማግሌዎቹን ስም የለሽ ያደርጋቸዋል። ሉዶልፍ ለአባ ጎርጎርዮስ ያደረገውን እኛ ለገዛ አባቶቻችን ብንነፍግ ትልቅ ነውር ይሆናል።

ይህን ሁሉ ማስተማር የመምህራን ድርሻ ነው። ሥርዓቱን በጥቍር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስገልበጥ ብቻውን አይበቃም። መምህሩ ከተማሪው ጽሑፍ አንድ ዋቢ መርጦ፥ «ይህን መጽሐፍ አምጣና ይህን ገጽ አሳየኝ» ቢል፥ ከብዙ ሰዓት ንግግር የበለጠ ያስተምራል። በመሥሪያ ቤትም ኀላፊው የቀረበለት መግለጫ ላይ ያለውን ቍጥር ከየት እንደ ተገኘ ሳይጠይቅ ፊርማውን እንዳያኖር እንመክራለን። በወረቀት ላይ የሰፈረ ምንጭ የሌለው ቍጥር ነገ ለሌላ መግለጫ ምንጭ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ማን እንደ ጀመረው የሚያውቅ አይገኝም።

ፓኤዝ ካየው በኋላ 400 ዓመት አልፏል፤ የግሽ ውሃ ግን ዛሬም ከዚያው ስፍራ ይፈልቃል፤ የሚጠራጠር ሰው ወጥቶ ሊያየው ይችላል። የምንጽፈው ቃልም እንዲሁ ወጥተው የሚያዩት መነሻ ይኑረው።